ቅጥ ያለው ጽሑፍ

በንባብ ክፍል ለተሰበሰቡ የማኅበር አባላት፣ ጸሐፊዎችና ወጣቶች የተደረገ ንግግር



የዛሬው ንግግሬ በኮምፒዩተር ጽሑፍ ስንጽፍ «ስታይል» እና «ቲም» ስለሚባሉ ሁለት ነገሮች ነው። ርዕሱን ስትሰሙ «ይኼ የጸሐፊዎች ጉዳይ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» የምትሉ ልትኖሩ ትችላላችሁ። አልፈርድባችሁም። ነገር ግን ማኅበር ሁሉ ደንብ አለው። ዛሬ ደንብ የሚጻፈው በኮምፒዩተር ነው። ደንቡ በትክክል ሳይጻፍ ሲቀር ደግሞ የሚጎዳው ጸሐፊው ሳይሆን አባሉ ነው። ስለዚህ ነገሩ ሁላችንንም ይመለከታል።

ለመጀመር ያህል የራሴን ጥፋት ልንገራችሁ።

ከጥቂት ወራት በፊት የአንድ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር መተዳደሪያ ደንብ በኮምፒዩተር እንድጽፍ ተሰጠኝ። እኔም ዩኒቨርሲቲ የገባሁ ሰው ነኝና ማን ይችለኛል አልኩ። ደንቡ 41 አንቀጾች ነበሩት። የእያንዳንዱን አንቀጽ ርዕስ አንድ በአንድ እየመረጥኩ ፊደሉን አተለቅኩ፣ አደመቅኩ፣ ከሥሩ አሰመርኩ። ርዕሱን ወደ መሐል ለማምጣት የባዶ ቦታ መስጫውን ቁልፍ ደጋግሜ መታሁ። የአንቀጾቹንም ቁጥር በእጄ ጻፍኩ። ታትሞ ሲወጣ ያምር ነበር።

ከዚያ ጠቅላላ ጉባኤው ተሰብስቦ ስለ ብድር አንድ አዲስ አንቀጽ እንዲጨመር ወሰነ። ቦታውም ከአንቀጽ 9 ቀጥሎ እንዲሆን ተባለ። እኔም አዲሱን አንቀጽ 10 ብዬ ጻፍኩ። የቀድሞውን 10 ወደ 11፣ የቀድሞውን 11 ወደ 12 እያልኩ እስከ 42 ድረስ የርዕሶቹን ቁጥር ለወጥኩ። በጽሑፉ ውስጥ፣ በዓረፍተ ነገር መሐል ያሉትን ቁጥሮች ግን ረሳኋቸው።

አንቀጽ 5 ላይ «አባል የሞተ እንደሆነ ድርሻው በአንቀጽ 17 መሠረት ለወራሹ ይሰጣል» የሚል ቃል ነበር። የወራሾቹ አንቀጽ ግን አሁን 18 ሆኗል። በ17 ቦታ የተቀመጠው በጥፋት ከማኅበሩ ስለሚሰናበት አባል የሚናገረው ነው።

አንዲት ባላቸው የሞተባቸው እናት የባላቸውን ድርሻ ሊጠይቁ መጡ። ሒሳብ ያዡ ደንቡን ገለጠ። አንቀጽ 5 ወደ 17 መራው። 17 ላይ «የተሰናበተ አባል የዓመቱን የትርፍ ክፍያ አይጠይቅም» ይላል። ሒሳብ ያዡ ክፉ ሰው አይደለም፤ የተጻፈውን ነው ያነበበው። ነገሩ ግራ ቢገባው «ሰብሳቢው ሲመጡ እንጠይቃለን» ብሎ መለሳቸው። በሳምንቱ መጡ፤ እንደገና ተመለሱ። ከቤታቸው እስከ ጽሕፈት ቤቱ በእግር ሦስት ሰዓት ያስኬዳል።

በሦስተኛው ጊዜ ሲመጡ እኔም እዚያው ነበርኩ። እኚህ እናት ማንበብ የቻሉት የማታ ትምህርት ተከታትለው በቅርቡ ነው። «እስቲ ወረቀቱን ለኔ ስጡኝ» አሉ። በጣታቸው እየተከተሉ፣ ቀስ እያሉ፣ ርዕሶቹን አንድ በአንድ አነበቡ። ከዚያም ቀና ብለው አዩኝና «ልጄ፣ ይኼ እኮ ስለ ጥፋተኛ ነው የሚያወራው። ባሌ ሞተ እንጂ አላጠፋም። የኔ ነገር እዚህ 18 ላይ ነው ያለው» አሉኝ።

እኔ የምገባበት ጠፋኝ። «እማማ፣ ጥፋቱ የኔ ነው፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኳቸው። ድርሻቸውን በዚያው ሳምንት ተቀበሉ። ነገር ግን ሁለት ጊዜ በከንቱ የተመላለሱበትን መንገድ ማን ይመልስላቸዋል? ስታይል የሚባለውን ነገር ከልቤ መማር የጀመርኩት ከዚያ ቀን ወዲህ ነው።

ቅጥ ምንድን ነው?

«ስታይል» የሚለውን ቃል በአማርኛችን ቅጥ እንበለው። ነገር ሲበላሽ «ቅጥ አምባሩ ጠፋ» እንል የለም? ያ ቅጥ ነው።

የድሮ የብራና መጻሕፍትን በቤተ ክርስቲያን አይታችሁ ይሆናል። ዋናው ጽሑፍ በጥቁር ቀለም ይጻፋል። የእመቤታችን ስም፣ የቅዱሳን ስምና የክፍል መክፈቻ በቀይ ቀለም ይጻፋል። ቁም ጸሐፊው ስሙ በደረሰ ቁጥር «አሁን ደግሞ ምን ቀለም ላድርግ?» እያለ አይጨነቅም። ሥርዓቱ አስቀድሞ ተወስኗል። የሱ ሥራ ቃሉ ምን እንደሆነ ማወቅ ነው፤ ቀለሙ ሥርዓቱን ተከትሎ ይመጣል።

በኮምፒዩተርም ቅጥ ማለት ይኸው ነው። ለመሣሪያው «ይህ መስመር መጠኑ 16 ይሁን፣ ይድመቅ፣ መሐል ይግባ» ብለን አንነግረውም። «ይህ መስመር የምዕራፍ ርዕስ ነው» እንለዋለን። የምዕራፍ ርዕስ ምን መምሰል እንዳለበት ደግሞ በአንድ ቦታ፣ አንድ ጊዜ እንወስናለን። በአጭሩ፣ መልኩን ከመንገር በፊት ምንነቱን እንነግረዋለን ማለት ነው።

አሠራሩ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1974 በአሜሪካ አገር፣ ፓሎ አልቶ በተባለ ከተማ፣ በዜሮክስ ኩባንያ የምርምር ማዕከል በትለር ላምፕሰንና ቻርልስ ሲሞኒ የተባሉ ባለሙያዎች «ብራቮ» የሚባል የጽሑፍ ማዘጋጃ ፕሮግራም ሠሩ። ሲሞኒ በ1981 ወደ ማይክሮሶፍት ኩባንያ ሄደ። ማይክሮሶፍት በ1983 ባወጣው የመጀመሪያው ዎርድ ውስጥ የቅጦች ዝርዝር አብሮ ነበረ። እንግዲህ ቅጥ ከአርባ ዓመት በላይ ሆኖታል። ቢሆንም ዛሬም ብዙዎቻችን ኮምፒዩተሩን የምንጠቀምበት እንደ ጽሕፈት መኪና ነው፤ በየመስመሩ ባዶ ቦታ እየመታን።

በሥራ ላይ እንዴት ይውላል?

በማይክሮሶፍት ዎርድ «ሆም» በሚለው ክፍል ከላይ በኩል የቅጦች መደርደሪያ አለ። «ኖርማል» የሚለው ለተራው ጽሑፍ ነው። «ሄዲንግ 1»፣ «ሄዲንግ 2» እየተባሉ የተደረደሩት የርዕስ ቅጦች ናቸው። ለደንብ ጽሑፍ ሄዲንግ 1ን ለምዕራፍ፣ ሄዲንግ 2ን ለአንቀጽ ርዕስ ብናደርገው ይስማማል። ርዕሱ ያለበት መስመር ላይ ቆመን ቅጡን ስንነካው መስመሩ ቅጡን ይለብሳል። ኮንትሮልንና አልትን ይዞ 1 ቁጥርን መምታት ሄዲንግ 1ን ያመጣል፤ 2ን መምታት ሄዲንግ 2ን ያመጣል።

በነፃ የሚገኘውን ሊብሬኦፊስ ራይተርን የምትጠቀሙ ደግሞ ኤፍ 11 የሚለውን ቁልፍ ስትመቱ የቅጦቹ ዝርዝር ይከፈትላችኋል። ስሙና ቦታው ጥቂት ይለያይ እንጂ ሐሳቡ አንድ ነው።

ቅጦች በዋናነት ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ሙሉውን አንቀጽ ወይም መስመር የሚይዝ ነው። ሁለተኛው በመስመሩ ውስጥ ያሉትን ጥቂት ቃላት ብቻ የሚይዝ ነው። በብራናው ምሳሌ የክፍሉ መክፈቻ እንደ መጀመሪያው ነው፤ በመስመር መሐል በቀይ የሚጻፈው የቅዱሱ ስም እንደ ሁለተኛው ነው።

አሁን ጥቅሙን በተራ እንመልከት።

በመጀመሪያ ደረጃ፣ ቅጥ ድካምን ይቀንሳል። አንድ ጊዜ ሽማግሌዎች «ዓይናችን ደክሟልና ፊደሉን አተልቁልን» አሉኝ። በእጅ የተሠራውን ጽሑፍ ለማስተካከል ግማሽ ቀን ፈጀብኝ፤ ያም ሆኖ ሦስት ርዕሶች ሳላያቸው አልፌያለሁ። በቅጥ ቢሆን ኖሮ ቅጡን በቀኝ ቁልፍ ነክቶ «ሞዲፋይ» የሚለውን መክፈት፣ መጠኑን መለወጥና መስማማት ነው። በዚያ ቅጥ የተጻፈው ሁሉ ባንዴ ይለወጣል። ሥራው የአንድ ደቂቃ ነው።

በሁለተኛ ደረጃ፣ ቅጥ ቁጥርን ይጠብቃል። ለኛ ዋናው ይኼ ነው። የርዕስ ቅጦችን «መልቲሌቭል ሊስት» ከሚባለው የቁጥር አሰጣጥ ጋር ማያያዝ ይቻላል። ያን ጊዜ ቁጥሩን የሚሰጠው ኮምፒዩተሩ ራሱ ነው። ከአንቀጽ 9 በኋላ አዲስ አንቀጽ ሲገባ አዲሱ 10 ይሆናል፤ የቀሩት ሁሉ አንዳንድ እርምጃ ወደፊት ይሄዳሉ።

እዚህ ላይ ለአገራችን ሕጎችና ደንቦች የሚያስፈልግ አንድ ጥንቃቄ አለ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት 11 ምዕራፎችና 106 አንቀጾች አሉት። ምዕራፍ ሲለወጥ የአንቀጽ ቁጥር ከ1 አይጀምርም፤ ሳይቋረጥ ይቀጥላል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም እንዲሁ እስከ 3367 ድረስ ይዘልቃል። ኮምፒዩተሩ ግን ካልነገርነው በየምዕራፉ እንደገና ከ1 ይጀምራል። ስለዚህ የቁጥር አሰጣጡን ስናዘጋጅ፣ በሁለተኛው ደረጃ ላይ «ሪስታርት ሊስት አፍተር» ከሚለው ፊት ያለውን ምልክት ማጥፋት ያስፈልጋል። ከቁጥሩም ሳጥን የምዕራፉን ቁጥር አጥፍተን በቦታው «አንቀጽ» የሚለውን ቃል እንጽፋለን።

በጽሑፍ መሐል ያለው «በአንቀጽ 17 መሠረት» የሚለውስ? እሱንም በእጅ መጻፍ የለብንም። «ሪፈረንስስ» በሚለው ክፍል «ክሮስ ሪፈረንስ» የሚባል መሣሪያ አለ። በሱ ተጠቅመን ወደ ወራሾቹ አንቀጽ እንጠቁማለን። ቁጥሩን ኮምፒዩተሩ ያስገባዋል። አንቀጽ ሲጨመር ወይም ሲቀነስ ኮንትሮልን ይዘን ኤን በመምታት ሳይሆን፣ ኮንትሮልን ይዘን ኤ በመምታት ጽሑፉን በሙሉ እንመርጣለን፤ ቀጥሎ ኤፍ 9ን እንመታለን። ጥቆማዎቹ ሁሉ ወደ አዲሱ ቁጥር ይታደሳሉ። ኤፍ 9ን መምታት ከተረሳ ግን አሮጌው ቁጥር ባለበት ይቀራል። ስለዚህ ከማተም በፊት ይህን ማድረግ ልማድ ይሁን። እኔ ይህን ባውቅ ኖሮ እኚያ እናት ያን ሁሉ መንገድ ባልተመላለሱ ነበር።

በሦስተኛ ደረጃ፣ ቅጥ ፈላጊን ይመራል። ርዕሶቹ በቅጥ ከተጻፉ የይዘት ማውጫውን ኮምፒዩተሩ ራሱ ከነገጽ ቁጥሩ ያወጣዋል። በማያ ገጹ ግራ በኩልም የርዕሶቹን ዝርዝር አውጥቶ አንዱን ሲነኩት ወደ ቦታው ያደርሳል። ዓይነ ስውራን ወገኖቻችን ደግሞ በማያ ገጹ ላይ ያለውን በድምፅ በሚያነብ ፕሮግራም ይጠቀማሉ። ፕሮግራሙ ከርዕስ ወደ ርዕስ ሊያሻግራቸው የሚችለው ርዕሱ ርዕስ መሆኑ በቅጥ ከተነገረው ነው። ፊደሉ መተለቁና መድመቁ ለሚያይ ሰው ምልክት ነው፤ ለፕሮግራሙ ግን ርዕስ መሆኑን አይነግረውም።

በአራተኛ ደረጃ፣ ቅጥ ሥራን ለተተኪ ያስረክባል። ዛሬ የጻፈው ጸሐፊ ነገ ወደ ሌላ ቦታ ይሄዳል። እኔም እሄዳለሁ። የሚተካው ሰው ፋይሉን ሲከፍት የጽሑፉ አወቃቀር ቁልጭ ብሎ ሊታየው ይገባል። የማኅበር ሰነድ በአንድ ሰው ልማድ ብቻ የሚሠራ ከሆነ፣ ሰውየው ሲሄድ ሰነዱም አብሮት እንደሄደ ይቆጠራል።

ገጽታስ ምንድን ነው?

«ቲም» የሚለውን ገጽታ እንበለው። ገጽታ ከቅጥ ጋር ይዛመዳል እንጂ አንድ አይደለም። በምሳሌ ላስረዳ።

ሰርግ ሲደርስ የቤተ ዘመዱ ሴቶች አንድ ዓይነት ጥበብ ይመርጣሉ። እናት፣ እኅት፣ አክስት ቀሚሳቸውን በየልካቸው ያሰፋሉ። የአንዷ ይረዝማል፣ የአንዷ ያጥራል፣ የልጅቷ ይጠባል። ጥበቡ ግን የሁሉም አንድ ነው። «ቀዩ ይቅርና አረንጓዴው ይሁን» ቢባል የሁሉም ጥበብ አብሮ ይለወጣል፤ ልካቸው ግን እንዳለ ይቆያል። እንግዲህ የእያንዳንዷ ልክ ቅጥ ነው። በጋራ የተመረጠው ጥበብ ገጽታ ነው።

በዎርድ ውስጥ ገጽታ ሦስት ነገሮችን ይይዛል። እነሱም የቀለሞች ስብስብ፣ የፊደል ዓይነቶች፣ እንዲሁም የሥዕላዊ ነገሮች ጥላና ጠርዝ ናቸው። የቀለሞቹ ስብስብ 12 ቦታዎች አሉት። አራቱ ለጽሑፍና ለመደብ፣ ስድስቱ ለማድመቂያ፣ ሁለቱ ለማገናኛ ናቸው። የፊደል ዓይነቶቹ ሁለት ናቸው፤ አንዱ ለርዕስ፣ አንዱ ለተራ ጽሑፍ። ገጽታ በዎርድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። ከ2013 ወዲህ በወጡት ዎርዶች «ዲዛይን» በሚለው ክፍል ይገኛል።

ይኼ ምን ይጠቅመናል? ለምሳሌ የማኅበሩ የዓመት ሪፖርት በቀለም አምሮ ተዘጋጅቷል እንበል። የጽሕፈት ቤቱ ማተሚያ ግን ጥቁርና ነጭ ብቻ ነው። ፈዘዝ ያለው ቀለም ሲታተም አይነበብም። በዚህ ጊዜ ርዕሱን፣ ሰንጠረዡን፣ መስመሩን አንድ በአንድ ከማቅለም ይልቅ፣ ከቀለሞች ስብስብ ውስጥ «ግሬይስኬል» የሚለውን ግራጫ ስብስብ መምረጥ ይቻላል። ሪፖርቱ በሙሉ ባንዴ ይለወጣል።

አንድ ቅድመ ሁኔታ ግን አለ። ቀለሙም ሆነ የፊደሉ ዓይነት መጀመሪያውኑ ከገጽታው የተመረጠ መሆን አለበት። በእጃችን ከውጭ ያመጣነው ቀለም ገጽታው ሲለወጥ አብሮ አይለወጥም። ጥበቡን ከሌላ ገበያ የገዛችው ዘመድ ከሌሎቹ ጋር እንደማትመሳሰል ማለት ነው።

ስለ ፊደላችን

ለግዕዝ ፊደል የሚያስፈልግ ጥንቃቄም አለ። በዎርድ መደበኛ ገጽታ ውስጥ ለየቋንቋው ፊደል የተመደበ የፊደል ዓይነት ዝርዝር አለ። እ.ኤ.አ. ከ2007ቱ ጀምሮ በዚያ ዝርዝር ለግዕዝ ፊደል የተመደበው «ኒያላ» የሚባለው ነው። ነገር ግን በዊንዶውስ 10 ኒያላ በተጨማሪነት የሚጫን እንጂ ሁልጊዜ አብሮ የሚገኝ አይደለም። እዚህ በኒያላ የጻፍነው ሌላ ጽሕፈት ቤት ሲከፈት በሌላ ዓይነት ሊታይ፣ መስመሩና ገጹም ሊዛነፍ ይችላል። በቅጥ ለጻፈ ሰው መፍትሔው ቀላል ነው። ተቀባዩ ዘንድ የሚገኘውን የፊደል ዓይነት ጠይቆ በቅጡ ላይ አንድ ጊዜ መለወጥ ነው።

ከዩኒኮድ በፊት በተሠሩ የአማርኛ ፕሮግራሞች የተጻፉ አሮጌ ፋይሎች ሲያጋጥሙ ግን አትቸኩሉ። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ዝርዝር የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት ፕሮግራሞች ፊደላችንን በላቲን ፊደል ቦታ ላይ ያስቀምጡ ነበር። በነዚህ ፋይሎች የፊደሉን ዓይነት ብትለውጡ አማርኛው ጠፍቶ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ይመጣል። ስለዚህ መጀመሪያ ቅጂ አስቀምጡ፤ ቀጥሎ ወደ ዩኒኮድ አስለውጡ፤ ቅጥ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ኮምፒዩተር የማይሠራው ሥራ

ውድ አዳማጮች፤

ይህን ሁሉ ስል ኮምፒዩተር ከስሕተት ያድነናል ማለቴ አይደለም። ኮምፒዩተሩ ቁጥር ይቆጥራል፤ ትርጉም አያውቅም። ወደ ተሳሳተ አንቀጽ ብንጠቁም ስሕተቱን በታማኝነት ይዞ ይጓዛል። ሞትንና ጥፋትን የለዩት እኚያ እናት ናቸው። የለዩትም ማንበብ ስለቻሉ ነው።

ለማጠቃለል ያህል፣ ስትጽፉ አስቀድማችሁ «ይህ ምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ርዕስ ከሆነ የርዕስ ቅጥ ስጡት። ተራ ጽሑፍ ከሆነ የተራ ጽሑፍ ቅጥ ስጡት። ቁጥሩንና ጥቆማውን ለመሣሪያው ተዉለት። ቀለሙንና የፊደሉን ዓይነት በገጽታው ምረጡ። ጽሑፉ ሲያልቅ አድሱ፤ ከዚያ በሰው ዓይን ይነበብ።

ለጸሐፊዎችና ለወጣቶች የምተወው ሥራ፣ አንድ አጭር ቃለ ጉባኤ ወስዳችሁ ባዶ ቦታ ሳትመቱ በቅጥ ብቻ እንድትጽፉት ነው። በሚቀጥለው ስብሰባ አብረን እናየዋለን።

ኮምፒዩተር ነክታችሁ የማታውቁ እናቶችና አባቶችም ሥራ አላችሁ፤ ምናልባትም ትልቁ ሥራ የናንተ ነው። የማኅበራችሁን ደንብ ታተመበት ወረቀት ላይ ውሰዱ። «በአንቀጽ ይህን ያህል መሠረት» የሚል ባገኛችሁበት ሁሉ እርሳስ አሳርፉ። ከዚያ ወደ ተጠቀሰው አንቀጽ ሂዱና ርዕሱን አንብቡ። ነገሩ ከነገሩ ካልገጠመ ለጸሐፊው ንገሩት። ጸሐፊው እኔ ብሆንም ንገሩኝ፤ አላፍርም። ዛሬ ብታሳፍሩኝ ነገ አንድ ሰው ሦስት ሰዓት በከንቱ ከመሄድ ይድናል።